የካፋ ሣር ቤትና የእርጥበት አያያዙ

ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በተመዘገበው ዝናባማው የካፋ ዞን፣ በቦንጋ ዙሪያ የሚታየው ባህላዊ ጎጆ እርጥበትን የመግራት ጥበብ ጎልቶ የሚታይበት ሥራ ነው። የላሊበላ ጠቢባን ዐለት ፈልፍለው ውኃውን በተዳፋት ቦይ ሲያስወግዱና አየሩን በተፈለፈሉ መስኮቶች ሲያስገቡ፣ የካፋ ቤት ሠሪ ይህንኑ ተግባር ለሣር፣ ለጭቃና ለእሳት አከፋፍሎታል። ቁልቁል የወረደው ክዳን ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ ያፈስሳል፤ ምርጉ፣ ማለትም በእንጨት ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው የተቦካ ጭቃ፣ የቤቱን አየር እርጥበት መጥጦ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይለቃል፤ ምድጃው ያሞቀው አየርም ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ ክፍተቶች ቀስ እያለ ሲያልፍ ክዳኑን ከውስጥ ያደርቃል፤ ጢሱም ሣሩን ከነፍሳት ይከላከላል። ጢሱ ለዐይንና ለሳንባ ጎጂ መሆኑ የማይካድ ቢሆንም፣ እንፋሎት የማያሳልፈው ቆርቆሮ በቀዝቃዛ ሌሊት በውስጥ ገጹ ጠብታ ስለሚያቋጥር፣ የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ የሚተካ ሁሉ ከጣሪያው ሥር የአየር መውጫ ሊተው ይገባል።