የአባት ስም ያለው ፓይተን

ተርሚናሉ አልከፈት አለኝ። ምልክቱን ስጫነው ጠቋሚው ጥቂት ይሽከረከርና ማንም እንዳልነካው ሁሉ ዝም ይላል። ደግሜ ተጫንኩት፤ ያው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ኡቡንቱ 22.04 ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት የሠራሁት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ የፓይተን ቋንቋን ከ3.10 ወደ 3.12 ከፍ ማድረግ። አዲሱን ሥሪት አስገባሁ፤ ከዚያ «ፓይተን3» የሚለው አጭር ስም ወደ አዲሱ እንዲያመለክት በእጄ አዞርኩት። የተቃጠለ አምፖል አውጥቶ አዲስ ከመግጠም የበለጠ ነገር አልመሰለኝም።

ከቢሮው ወዲያኛው ጥግ የሚቀመጡ፣ ሰርቨር ሲጠብቁ የሸበቱ አንድ የሥራ ባልደረባ አሉን። ሲጨንቀኝ አይተው መጡ። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ሲጫኑ ስክሪኑ ጠቆረና ምንም ጌጥ የሌለው የጽሑፍ መግቢያ ብቅ አለ። ገብተው አንድ መስመር ጻፉ፤ የመጣላቸውን መልስ አንብበው ሳቁ።

«የባለቤቱን ስም ነጥቀህ ለእንግዳ ሰጠኸው እኮ፣ አንተ ልጅ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ስሙን ለባለቤቱ መልስ። እንግዳው ከነአባቱ ስም ይጠራ።»

ስሙን መለስኩ፤ ተርሚናሉም ተከፈተ። ምን እንደ ረገጥኩ ማወቅ ግን አጓጓኝና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ማታ ማታ በዚያች አጭር ስም ዙሪያ ያለውን ሥራ እየፈታሁ ማየት ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ የእጅ ሥራ በእንጨትም በብርም ላይ ብዙ አላየሁም።

ፕሮግራሞቹ ከሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ ያለው «ፓይተን3» ራሱ ፕሮግራም አይደለም። ሊንክ ነው፤ ጠቋሚ ጣት። መጠኑን ስትጠይቁት 10 ባይት ይላል። «ፓይተን3.10» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ነጥቡንና ቁጥሩን ጨምሮ ልክ 10 ምልክት ነው፤ ሊንኩ በሆዱ የያዘው ይህንኑ ስም ብቻ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ሙሉ አድራሻ እንኳ አልያዘም። «እኔ ካለሁበት ፎልደር እንዲህ የሚባለውን ጥሩ» ነው የሚለው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ዲስኩ በሌላ ማሽን ላይ፣ በሌላ መንገድ ቢከፈት ሊንኩ አይስትም፤ ቤቱ ሲነሣ ጎረቤቱም አብሮ ይነሣልና። የዴቢያን ደንብ ቅርብ ለቅርብ ያሉ ሊንኮች በዚህ ዓይነት እንዲሠሩ ያዝዛል፤ ኡቡንቱም ከዴቢያን የወጣ ስለሆነ ይህን ወርሷል።

የስሙ አወጣጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበ ካሉ መምህሩ አበበ ከበደ፣ አበበ ተሰማ እያለ ይጠራል፤ ሞክሼ በአባት ስም ይለያል። 3.10 እና 3.12 በአንድ ቤት ሲኖሩም እያንዳንዳቸው ከነቁጥራቸው የሚጠሩበት ሙሉ ስም፣ የየራሳቸውም የላይብረሪ ፎልደር አላቸው። አጭሩ ስም ግን አንድ ነው፤ እሱም ሲስተሙ አብሮት ለተወለደው ሥሪት የተሰጠ ነው። ኡቡንቱ ውስጥ በፓይተን የተጻፉ ብዙ ትንንሽ አገልጋዮች አሉ። ኮማንድ ስትሳሳቱ «ይህን ለማለት ነው?» የሚላችሁ አስታዋሽ አንዱ ነው፤ ተርሚናሉን የሚያስነሣው ስክሪፕት ሌላው። የመጀመሪያ መስመራቸው ላይ ያንን አጭር ስም ከነሙሉ መንገዱ ጠርተው ነው ሥራ የሚጀምሩት። ስሙን ሳዞረው እነዚህን ሁሉ ከማያውቁት ሰው ጋር አጋፈጥኳቸው።

የመጀመሪያው የሚያስደንቅ ስፌት እዚህ ጋ ነው። ተርሚናሉ መስኮት ለመክፈት የሚፈልገው ላይብረሪ ከፊሉ በሲ ቋንቋ ተጽፎ ወደ ማሽን ኮድ የተቀየረ ነው፤ በፋይሉ ስም መሐል «ሲፓይተን-310» የሚል ምልክት ተጠልፎበታል። 3.12 መጥቶ፣ ከየራሳቸው ሌላ ሁለቱ የሚጋሩትን የሲስተሙን ፎልደር ሲያገላብጥ ምልክቱን ያያል፤ የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ያልፈዋል። ባያልፈውስ? ለአንዱ ሥሪት የተለካ የማሽን ኮድ ሌላው ውስጥ ገብቶ ሜሞሪውን ያተራምሳል፤ ፕሮግራሙ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ባልታሰበ ቦታ ይወድቃል፣ ሰበቡም ለወራት አይገኝም። ያናደደኝ ዝምታ ለካ ጥንቃቄ ኖሯል።

ይህ ምልክት ድሮ አልነበረም። ፓይተን አንድን የላይብረሪ ፋይል ካነበበ በኋላ ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲፈጥንለት ግማሽ የተፈጨ ቅጂ ያስቀምጣል። ቀድሞ ቅጂው ከዋናው ፋይል ጎን፣ የሥሪት ቁጥር ሳይኖረው ነበር የሚቀመጠው። ሁለት ሥሪቶች አንድ ፎልደር ሲጋሩ አንዱ የፈጨውን ሌላው አይቀበልም፤ በላዩ ላይ የራሱን ይፈጫል። ያኛው ሲመለስ ደግሞ እንደገና። ዴቢያኖች ከዚህ ለማምለጥ ለየሥሪቱ የተለየ የሊንክ ጫካ ይተክሉ ነበር። ለፓይተንም ለኡቡንቱም የሠራ ባሪ ዋርሶ የተባለ ባለሙያ ፔፕ 3147 በተባለው ሐሳቡ ነገሩን ቆረጠው፤ ቅጂዎቹ ሁሉ «ፓይካሽ» ወደምትባል አንዲት ፎልደር ይግቡ፣ እያንዳንዱም የሥሪቱን ቁጥር በስሙ ላይ ይሸከም። በ2011 የወጣው ፓይተን 3.2 ይህን ተቀበለ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ እቆጥራለሁ)። አንድ ጫካ በአንድ የስም ደንብ ተመነጠረ።

ከሳምንት በኋላ ጋሼ ለሌላ ማሽን 3.12ን ከምንጭ ኮዱ ሲሠሩ ከጎናቸው ተቀምጬ አየሁ። ኮዱን አውርደው ፈቱት፤ «ኮንፊገር» ብለው ማሽኑን አስለኩ፤ ማመቻቻውም እንዲበራ አዘዙ። ከዚህ በኋላ ሻይ ነው። ማመቻቻው ሲበራ ፓይተን ሁለት ጊዜ ይሠራልና። መጀመሪያ መለኪያ የተሰካበት ፓይተን ይገነባል፤ እሱ የራሱን ፈተናዎች እየሮጠ የትኛው መንገድ ብዙ እንደሚረገጥ ይመዘግባል፤ ከዚያ ኮምፓይለሩ መዝገቡን ይዞ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ይሠራዋል። ጥሩ ልብስ ሰፊ በስሱ ጠልፎ ያለብስሃል፣ ያስቀምጥሃል፣ ያስነሣሃል፣ ከዚያ ፈትቶ ዳግም ይሰፋዋል። ስክሪኑ ላይ የሚንዠቀዠቀው ጽሑፍ ይኸው ልክ ነው።

ሻዩ አለቀ፤ ጋሼም መጨረሻው መስመር ላይ ደረሱ። እኔ ብሆን «ሜክ ኢንስቶል» እል ነበር። እሳቸው «ሜክ ኦልትኢንስቶል» ብለው ጻፉ። በላቲኑ ሦስት ፊደል ብቻ ጨመሩ። ትእዛዞቹ የተዘረዘሩበትን ፋይል ከፍቼ ሁለቱን አስተያየሁ፤ ሁለቱም ያንኑ ፕሮግራምና ያንኑ ላይብረሪ ወደዚያው ቦታ ይወስዳሉ። የሚለያዩት መጨረሻ ላይ ነው። አንዱ አጭሩንም ስም ይይዛል፤ ሌላው ከነቁጥሩ ስሙ ላይ ይቆማል። ይህን የጻፈ ሰው የእሱ ፓይተን በሚገባበት ቤት ቀድሞ የሚኖር ሌላ ፓይተን ሊኖር እንደሚችል አስቧል፤ በእንግድነት መግባት ለሚፈልግም የራሱን ትእዛዝ ሠርቶለታል።

እኔ መጀመሪያ 3.12ን ያመጣሁበት ዴድስኔክስ የተባለው ማከማቻም ይህንኑ ጨዋነት ይጠብቃል፤ የሚያመጣውን ሥሪት ከነቁጥሩ ስሙ ብቻ ያስቀምጣል። እንግዳው በሥርዓት ነበር የገባው፤ አጭሩን ስም የጫንኩበት እኔው ነኝ። (ዴድስኔክስ «የሞቱ እባቦች» ማለት ነው። ጊዶ ቫን ሮሰም ቋንቋውን የሰየመው ሞንቲ ፓይተን በተባሉት የእንግሊዝ ቀልደኞች እንጂ በዘንዶው አልነበረም፤ እባቡ ግን ከስሙ አልላቀቅ ብሏል።)

በእጅ የተሠራው ፓይተን የሚያርፍበት ቦታም ታስቦበታል። «ሎካል» ይባላል፤ ፓኬጅ አስተዳዳሪው የማይደርስበት፣ ለማሽኑ ባለቤት የተተወ ጓሮ። ዴቢያን በዚህ ላይ አንድ ቃል ለውጧል። ተጨማሪ ላይብረሪዎች የሚገቡባትን ፎልደር ፓይተን «ሳይት-ፓኬጅስ» ሲላት ዴቢያን የራሱን «ዲስት-ፓኬጅስ» አላት። ባለቤቱ የሠራው ፓይተንና ሲስተሙ ያመጣው ፓይተን አንዱ የሌላውን ማድጋ እንዳይከፍት ነው። አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል፤ ከምንጭ ኮዱ ጋር የሚመጣ የማስወጫ ትእዛዝ የለም። ይህን ያህል ተጠንቅቆ ለገባ እንግዳ መውጫ በር አልተሠራለትም። ቁጥሩ ስሙ ላይ ስላለ ፋይሎቹን ለቅሞ ማጥፋት አይከብድም፤ ቢሆንም ጎደሎ ነው።

ሲስተሙ ራሱ አሮጌውን በአዲስ ሲተካ፣ ለምሳሌ ለ3.10 የደኅንነት ጥገና ሲመጣ፣ ሥራው ከዚህም ይረቃል። ዲፒኬጂ የተባለው የዴቢያን ፓኬጅ ጫኝ አዲሱን ፋይል በአሮጌው ላይ አይጽፍም። ከጎኑ፣ በጊዜያዊ ስም፣ ሙሉውን ያወጣል፤ ዲስኩ ላይ መስፈሩን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ስሙን ብቻ ይቀይራል። ሊኑክስ ውስጥ ስም መቀየር አይከፈልም፤ ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ በዚያ ስም የምታገኙት ወይ አሮጌውን ሙሉ ወይ አዲሱን ሙሉ ነው። መብራት መጥፋት የዘወትር ነገር በሆነበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም።

በዚያው ሰዓት በአሮጌው እየሠራ ያለ ፕሮግራምስ? ምንም አይሰማውም። ሊኑክስ ፋይልን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ ስም የሚባለው ፎልደር ውስጥ የተጻፈ መጠሪያ ብቻ ነው። መጠሪያው ወደ አዲሱ ሲዛወር አሮጌው ፋይል ስም አልባ ሆኖ፣ የያዘው ፕሮግራም እስኪጨርስ ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ነው ቦታው የሚለቀቀው። በሥራ ላይ ያለን ሰው ወንበር ማንም ከሥሩ አይስብም።

ከስሞቹ ሁሉ ደግሞ የማልረሳው አንድ አስቀያሚ ስም አለ። በ2023 ከወጣው ከዴቢያን 12 ጀምሮ፣ ላይብረሪ የሚያመጣው ፒፕ በሲስተሙ ፓይተን ውስጥ እንዳሻው እንዳይገባ ተከልክሏል። ክልከላው በር ላይ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ላይብረሪው ፎልደር ውስጥ የምትቀመጥ አንዲት ፋይል። ፒፕ እሷን ሲያይ ይቆማል፤ ምክንያቱን ይነግርሃል፤ ለሥራህ የተለየ ጓዳ እንድትከፍት ይመክርሃል። «የለም፣ እገባለሁ» ለሚልም መንገድ ተትቶለታል፤ ነገር ግን የምርጫው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሲስተሙን ፓኬጆች ስበር» ነው። ሙሉውን፣ በገዛ ጣቱ መጻፍ አለበት። ስሙ «አስገድድ» ቢባል ኖሮ ሁላችንም ሳናስብ እንጽፈው ነበር። ይኼኛውን ስትጽፍ ጣትህ መሐል ላይ ይቆማል። እኔ ያን ቀን ስሙን ሳዞር እንዲህ ያለ ቃል ቢጻፍልኝ ኖሮ አልሳሳትም ነበር።

ለመሆኑ 3.12ን ምን አስፈለገኝ? በጉራጌ ቋንቋዎች የተጻፈ ጽሑፍ ቃል በቃል እየለየሁ ነበር፤ 3.10 አንዳንዱን ቃል መሐሉ ላይ ይቆርጥብኛል። የዓለም ፊደላት መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ1999 ነው፤ ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የታሰቡ 28 ተጨማሪ ፊደላት ግን የገቡት በ2021 በወጣው በ14ኛው ሥሪቱ ነው። ፓይተን 3.10 በሆዱ የያዘው የ13ኛውን ሰንጠረዥ ነው። 28ቱን ስለማያውቃቸው ፊደል ብሎ አይቆጥራቸውም፤ ቃሉ መሐል ሲያገኛቸው ሥርዓተ ነጥብ ያገኘ ይመስል ይከፍለዋል። ከ3.11 ጀምሮ ሰንጠረዡ ታድሷል።

አሁን ሁለት ተርሚናል ጎን ለጎን ከፍቻለሁ። በግራው በአጭር ስሙ «ፓይተን3» ብዬ ጠራሁ፤ 3.10 አቤት አለ። በቀኙ ከነቁጥሩ ጠራሁ፤ 3.12 መጣ። ለሁለቱም ከ28ቱ አንዱን ፊደል ሰጥቼ ስሙን ጠየቅኋቸው። 3.10 «እንዲህ ያለ ስም የለም» አለኝ። 3.12 «ኢትዮፒክ ሲላብል» ብሎ ጀምሮ ስሙን እስከ መጨረሻው ነገረኝ።

ሁለቱንም ዘጋሁና ምልክቱን እንደገና ተጫንኩት። ተከፈተ።