ፀጉር የማታስገባ ክፍተት

ከዲማ፣ ከቢቸናና ከደብረ ወርቅ ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አይሱዙ ደጀንን ሲያልፍ ዓባይ በረሃ ይቀበለዋል። ቁልቁለቱን በሞተር እየያዘ ይወርዳል፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን፣ 303 ሜትር የሚረዝመውን የህዳሴ ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያ እስከ ጎሃ ጽዮን ያለውን 20 ኪሎ ሜትር ግድም ዳገት ይያያዘዋል። ከወንዙ እስከ አፋፉ ከፍታው ወደ 1,400 ሜትር ይጨምራል። ጭነቱ ሙሉ ነው፤ ቆላው ይጋግራል፤ ማርሹ ከባድ፣ የሞተሩ ዙር ከፍተኛ፣ የመኪናው ፍጥነት ግን የእግረኛ ያህል ስለሆነ ራዲያተሩን የሚያበርድ ነፋስ እምብዛም የለም። መንገደኛው ገደሉን ያያል። እኔ ዓይኔ የሚያርፈው ዳሽቦርዱ ላይ፣ የዘይት ግፊት በምታሳየው መርፌ ላይ ነው። በዚያ ዳገት መሐል ያቺ መርፌ ቦታዋን ሳትለቅ ከቆመች፣ ከሥር አንድ ባለሙያ እጁን አጥርቶ ሠርቷል ማለት ነው።

ግፊቱን የሚሰጠው ፓምፑ ነው ብለን እናስባለን። ፓምፑ ግን ሥራው ዘይት መግፋት ብቻ ነው፤ በዞረ ቁጥር ከሞተሩ ሥር ካለው ገንዳ እየሳበ ወደ ላይ ይልካል። ግፊት የሚፈጠረው የተላከው ዘይት መውጫ ሲጠበው ነው። መውጫው ደግሞ በክራንክ ሻፍቱና ክራንኩ በሚያርፍባቸው ቤሪንጎች መካከል የሚተወው ክፍተት ነው። ክፍተቱ በአብዛኛው ሞተር ከ0.03 እስከ 0.08 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህም የሙሉ ዲያሜትሩ ልዩነት ነው፤ ዙሪያውን ሲካፈል በአንድ ጎን የሚደርሰው ግማሹ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንዲት ፀጉር እንኳ ተመቻችታ አትገባም። ዘይቱ በዚያች ጠባብ መንገድ እየተጨናነቀ ስለሚያልፍ መርፌዋ ትነሣለች። ክፍተቱ በመበላት በእጥፍ ቢሰፋ፣ በዚያው ግፊት የሚያልፈው ዘይት ሁለት እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። አዲስ ፓምፕ ገዝቶ ያረጀ ሞተር ላይ የሚያስር ሰው ገንዘቡ ለምን ውኃ እንደበላው መልሱ እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ነገር ታሪክ ራሱ ያስደንቀኛል። በ1883 እ.ኤ.አ. ቢቻምፕ ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር አክስል የሚያርፍባቸውን ቤሪንጎች ሰበቃ ሲለካ ነበር። ለዘይት ማጠጫ ብሎ ከቤሪንጉ አናት ላይ ቀዳዳ በሳ። አክስሉ መዞር ሲጀምር ዘይቱ በዚያው ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። በቡሽ ወተፈው፤ ቡሹ ተፈናጥሮ ወጣ። በእንጨት ወተፈው፤ እንጨቱም ወጣ። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ገጠመበት። መለኪያው እስከ 200 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች የሚያነብ ነበር፤ መርፌዋ ያንን አለፈች። ቤሪንጉ የተሸከመው ጭነት ግን በአማካይ 100 ብቻ ነበር። ምንም ፓምፕ አልነበረም። የሚዞረው ብረት ራሱ ዘይቱን እየጎተተ ወደሚጠበው ቦታ ሲያስገባው፣ ከጭነቱ የሚበልጥ ግፊት ይፈጥርና በዘይት ላይ ይንሳፈፋል። ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባለ ሊቅ በ1886 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው፤ የዛሬው የሞተር ነዳፊም ስሌቱን የሚጀምረው ከእሱ ቀመር ነው።

ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ የምናነበው 3 ወይም 4 ባር ክራንኩን የተሸከመው ግፊት አይደለም። ፒስተኑ በእሳት ሲመታ፣ እሱን ከክራንኩ ጋር በሚያያይዘው ቢዬላ ሥር ያለው ስስ የዘይት ንጣፍ በመቶዎች የሚቆጠር ባር ይሸከማል። የፓምፑ ዘይት ያንን ንጣፍ ይመግባል፤ ከጎን የሚፈሰውን ይተካል፤ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ምግቡ ለአፍታ ከተቋረጠ ንጣፉ ይሳሳል፤ ብረት ብረት ይነካል።

ቤሪንጉን ራሱን በእጅ ይዞ ማየት ያስፈልጋል። ግማሽ ክብ የሆነ ስስ የብረት ቅጠል ነው፤ ጀርባው ብረት፣ ሆዱ ለስላሳ ቅይጥ። በዓይን ሲያዩት ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ እኩል ይመስላል፤ ግን አይደለም። መሐሉ ወፈር፣ ወደ ሁለቱ ጫፎች ሲሄድ በጥቂት ማይክሮን ሳሳ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ምክንያቱም የቢዬላው መያዣ በጭነት ሲለጠጥ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይጠጋሉ፤ ጫፉ ካልሳሳ ዘይቱን ከክራንኩ ላይ ይጠርገዋል። ዋናዎቹን ቤሪንጎች ደግሞ ተመልከቱ፤ የዘይት ቦይ የተቆፈረው በላይኛው ግማሽ ላይ ነው፤ የታችኛው ልሙጥ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው የታችኛው ነውና ቦይ ቢቆፈርበት ታወር ያየው ግፊት መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ይፈስስ ነበር። ቅጠሉ በመያዣው ውስጥ ሲቀመጥ ጫፎቹ በጥቂቱ ከፍ ብለው ይቀራሉ፤ ያ ስህተት አይደለም፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ተጨምቆ ጀርባው ከብረቱ ጋር እንዲጣበቅና ሙቀት እንዲያስተላልፍ ታስቦ የተተወ ነው። ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ የቅኔና የመጻሕፍት ደብሮች አካባቢ ያደገ ሰው ብራና ፋቂ ሲሠራ አይቶ ይሆናል፤ ቆዳውን ወጥሮ እየፋቀ፣ በጣቱ እየዳሰሰ፣ አንድ ጊዜ ቢደግም እንደሚበሳ የሚያውቅበት ቦታ ላይ እጁን ይሰበስባል። የዚህ ቅጠል ሠሪም የት ማቆም እንዳለበት ያውቃል።

ፋብሪካው የሠራውን ግን አገር ቤት የሚያድሰው ሌላ ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ አንድ ጋራዥ ውስጥ የአይሱዙ ሞተር ሲገጠም ቆሜ አይቻለሁ። ክራንኩ ግራይንድ ተደርጎ መጥቷል፤ ቤሪንጎቹም በዚያው ልክ ወፈር ያሉ ናቸው። መካኒኩ የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ያዋለው በማጠብ ላይ ነበር። በክራንኩ ውስጥ ከዋናው አንገት ወደ ቢዬላው አንገት የሚያሻግሩትን የዘይት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በሽቦ ብሩሽ አሸ፤ በነጭ ጋዝ አጠበ፤ በኮምፕረሰር ነፋ፤ እንደገና አሸ። ከግራይንድ የተረፈች የብረት ብናኝ እዚያ ውስጥ ከተደበቀች፣ የመጀመሪያዋ የዘይት ጅረት ተሸክማት ቤሪንጉ ላይ ታሳርፋታለችና።

ከዚያ የቤሪንጉን ጀርባ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀ። ክራንኩ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ክር አጋደመ፤ መያዣውን ገጠመ፤ በቶርክ ሬንች ደረጃ በደረጃ አጠበቀ፤ ክራንኩን ሳያዞር መልሶ ፈታ። ክሯ ተዳምጣ ጠፍጣፋ ሆናለች። ስፋቷን ከወረቀት መለኪያው ጋር አስተያየ፤ ሰፋ ካለች ክፍተቱ ጠቧል፤ ጠበብ ካለች ሰፍቷል። እሱ ግን ስፋቷን ብቻ አላየም። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆኗን ነበር የሚመረምረው፤ አንዱ ጫፍ ሰፍቶ ሌላው ጠቦ ከተገኘ የክራንኩ አንገት ሾጥጧል ማለት ነው። አምስት ዋና ቤሪንግ፣ አራት የቢዬላ፤ ዘጠኝ ቦታ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የቀረውን እንግጠመው?» አለው።

«ያልለካኸውን አትዝጋ» አለው፣ ቀና ሳይል።

የዘይት ፓምፑንም ከፍቶ የጥርሶቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለካ። የግፊት መልቀቂያዋን ቫልቭ አወጣ፤ ጣት የምታህል ፒስተንና አንዲት ሞላ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በጮቄ ተራራ ግርጌ ቅዝቃዜ ዘይቱ ወፍሮ ግፊቱ ሲያሻቅብ ይህች ሞላ ትጨመቅና ትርፉን ወደ ገንዳው ትመልሳለች። ቫልቯ በአንዲት ብናኝ ተቸክላ ተከፍታ ከቀረች ግን ዳገቱ መሐል ግፊቱን ሁሉ ታፈስሰዋለች። መካኒኩ ፒስተኗን ብርሃን ላይ ይዞ አገላበጣት፤ ጭረት ፈለገ፤ ዘይት ቀብቶ በቀዳዳዋ ውስጥ በራሷ ክብደት ስትንሸራተት እስኪያይ ድረስ አልረካም።

በሩጫ የሚነዳ ሌላ ዓይነት መኪና ቢሆን ጭንቀቱ ከገንዳው ይጀምራል። መኪናው በኃይል ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ ውጭኛው ጎን ይሸሻል። የሚገፋው ኃይል የመሬት ስበትን ግማሽ ያህል ሲሆን የዘይቱ ገጽ 27 ዲግሪ ገደማ ይጋደማል፤ ከስበት ጋር እኩል ሲሆን 45 ዲግሪ። መሳቢያው ቱቦ ያን ጊዜ የሚስበው አየር ነው። በደቂቃ 3,000 የሚዞር ክራንክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይዞራል፤ አንዲት ሴኮንድ ያለ ዘይት ማለት ሃምሳ ዙር ያለ ምግብ ነው። ስለዚህ ጥሩ ገንዳ ውስጡ ባዶ አይደለም፤ በቆርቆሮ የተከፋፈለ ነው፤ አንዳንዱም ወደ መሳቢያው ብቻ የሚከፈቱ፣ ወደ ውጭ የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉት። ከክራንኩ ሥር የሚጋደመው ቆርቆሮ ደግሞ የሚዞረው ብረት ዘይቱን መትቶ አረፋ እንዳያደርገው ይከላከላል። ፖርሸ በ1964 እ.ኤ.አ. ለገበያ ባቀረበው 911 ላይ መላውን ችግር ሥሩ ላይ ቆረጠው፤ ዘይቱን ከሞተሩ ሥር አንሥቶ ለብቻው በቆመ ታንከር አስቀመጠው፤ አንዱ ፓምፕ ከሥር እየጠረገ ወደ ታንከሩ ይመልሳል፤ ሌላው ከታንከሩ ለሞተሩ ያቀርባል።

የጤፍ መኪናችን እንደዚያ አይታጠፍም። የእሱ ፈተና ሙቀትና ጊዜ ነው። ዘይቱ እየጋለ ሲሄድ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን በክፍተቶቹ ፈጥኖ ያመልጣል፤ መርፌዋ ትወርዳለች። በዚህ ጊዜ ወፍራም ዘይት ጨምሮ መርፌዋን የሚያስነሣ ብዙ ሰው አለ፤ ሥራው አይዋጥልኝም። መርፌዋ ትነሣለች፤ የተበላው ቤሪንግ ግን እንደተበላ ነው፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ደግሞ ያ ዘይት ሩቅ ቦታ ለመድረስ ይዘገያል። ቀይዋን መብራት መጠበቅም አያዋጣም፤ በብዙ መኪና ላይ የምትበራው ግፊቱ ወደ 0.3 ባር ሲወርድ ነው፤ በዳገት ላይ 3 ባር ለለመደ ሞተር ያ መርዶ እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ሾፌሩም የዚህ ሙያ ተካፋይ ነው። ዳገቱን በቀላል ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቀ የሚወጣ ሰው ነዳጅ የቆጠበ ይመስለዋል፤ ግን ዙሩ ሲወርድ ፓምፑም ይዘገያል፤ ክራንኩም ዘይቱን ወደ ጠባቡ ቦታ የሚጎትትበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጭነቱ ደግሞ እዚያው ነው። ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር ሳይዘገይ ማርሽ የሚቀንስ ሾፌር ቤሪንጎቹን እየጠበቀ ነው።

ያ የደብረ ማርቆስ መካኒክ ሞተሩን አስነሥቶ ሲያስረክብ ሾፌሩን አንድ ነገር ነበር ያዘዘው፤ ጎሃ ጽዮን ወጥተህ ስታቆም ወዲያው አታጥፋው፤ በሚኒሞ አቆየውና መርፌዋን አይተህ ደውልልኝ አለው። ልክ ነው፤ ዘይቱ ከሁሉ ይበልጥ የጋለበት፣ ፓምፑ ከሁሉ ይበልጥ በዝግታ የሚዞርበት ሰዓት እሱ ነው። ስፋት ያለው ክፍተት በሩጫ ጊዜ ቢደበቅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ከ1 ባር በላይ ከቆመ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል፤ ከዚያ ከወረደ ግን ሲመለስ ገንዳው ይፈታል፤ ዘጠኙም ቦታ እንደገና ይለካል።