መነጽር ይለበሳልን? ስለ መጋዘን ለቀማ መሣሪያዎች ስያሜ የቀረበ ሂስ

በመጋዘን ውስጥ በትእዛዝ መሠረት ዕቃን ከየመደርደሪያው አሰባስቦ ለወጪ ማዘጋጀት የቆየ ሥራ ነው። ሠራተኛው ዝርዝሩን በወረቀት ይዞ መዞሩ ቀርቶ በመብራት፣ በድምፅ ወይም ዐይን ፊት በሚታይ ጽሑፍ መመራቱ ግን የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። ዲኤችኤልና ሪኮ በኔዘርላንድስ በበርገን ኦፕ ዞም መጋዘን ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው የመነጽር ሙከራ፣ የሥራው ቅልጥፍና በ25 በመቶ ማደጉ ተገልጿል። መሣሪያው ወደ አገራችን መጋዘኖች ሲዘልቅ ስያሜውም አብሮ ይመጣል። ይህ ጽሑፍ ከወዲሁ በሚሰሙት ስያሜዎች ላይ ሂስ ለማቅረብ የተዘጋጀ ነው።

የመጀመሪያው «ተለባሽ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ «ለበሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ አማርኛ ግን ይህን ግሥ ለልብስ ለይቶ ይዞታል። የዶርዜ ሸማኔ የሠራው ቡሉኮ ይለበሳል፤ ቀበቶን ግን ይታጠቁታል፣ ጫማን ይጫሙታል፣ ባርኔጣን ይደፉታል፣ ቀለበትን ያጠልቁታል፣ ሰዓትን ያስሩታል፣ መነጽርን ያደርጉታል። እንግሊዝኛው ሁሉን በአንድ ግሥ ስለጠቀለለ የእኛም ቋንቋ እንዲጠቀልል ማስገደድ፣ ያለንን የግሥ ሀብት መዘንጋት ነው። በእኛ አስተያየት ለወሉ «በአካል ላይ የሚውል መሣሪያ»፣ ለየነጠላው ደግሞ «የጣት አንባቢ»፣ «የእጅ አንጓ ማሳያ»፣ «የመነጽር ማሳያ» ቢባል ይሻላል።

ሁለተኛው የሥራው ስም ነው። «መረጣ» ቢባል፣ ሠራተኛው በራሱ ፍርድ የሚመርጥ ያስመስላል፤ የመረጠው ግን ትእዛዙን የጻፈው ነው። «ለቀማ» የእጅን እንቅስቃሴ በትክክል ያሳያል፤ ጥጥም ቡናም አንድ በአንድ ይለቀማልና። ሆኖም «ትእዛዝ ለቀማ» የሚለው፣ የሚለቀመው ትእዛዙ ራሱ እንደሆነ ስለሚያሳስት «የትእዛዝ ዕቃ ለቀማ» መባል አለበት። ከዚህ «በብርሃን የሚመራ»፣ «በድምፅ የሚመራ»፣ «በመነጽር የሚመራ» ለቀማ እያሉ በአንድ ሥርዓት መቀጠል ይቻላል።

ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው ነጥብ ነው። በድምፅ በሚመራ ለቀማ ቃሉ ራሱ መሣሪያ ይሆናል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ባለበት በአርባ ምንጭ፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ በመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ እንበል። በጆሮ ማዳመጫው «ሠላሳ» ሲባል «ስልሳ» ተብሎ ቢሰማ፣ የሁለቱ ተነባቢዎች አንድ ስለሆኑ ስሕተቱ የሚያስገርም አይደለም። «ሰባት» የመጨረሻ ድምፁን በጫጫታ ቢያጣ «ሰባ» ይሆናል። አፉን በጋሞኛ ለፈታ ሠራተኛ ደግሞ ችግሩ ሊከፋ ይችላል። ለአንዱ ጤና ጣቢያ ሠላሳ እሽግ መላክ ሲገባ ስልሳ ቢላክ፣ ትርፉ ለሌላው ጣቢያ ሕሙማን የተመደበ ሊሆን ይችላል።

ጀርመኖች በስልክ ሁለትንና ሦስትን የሚያመለክቱት ቃሎቻቸው ስለሚመሳሰሉ፣ «ጽቫይ» በማለት ፈንታ «ጽቮ» ማለትን ለምደዋል። እኛም «ስልሳ»ን ትተን «ስድሳ»ን ብንመርጥ፣ ከዚያም አልፎ ቁጥርን በየአኃዙ «ሦስት ዜሮ»፣ «ስድስት ዜሮ» እያልን ብናስነግር፣ «ሰባ»ና «ሠላሳ» ከነአካቴው ከመንገዳችን ይወጣሉ። እርግጥ «ሦስት»ና «ስድስት»ም በመነሻና በመድረሻ ድምፃቸው ይመሳሰላሉ። ስለሆነም ሠራተኛው የሰማውን መልሶ እንዲናገር፣ በመደርደሪያው ላይ የተለጠፈውንም የማረጋገጫ ቁጥር እንዲያነብ ማድረግ ያስፈልጋል።

እስካሁን ሙያዊ ቃላትን የመረመርነው በአብዛኛው በወረቀት ላይ፣ ሥርወ ቃላቸውንና የእርባታቸውን ሥርዓት እያየን ነው። ይህ መልካም ቢሆንም ለእነዚህ ቃላት አይበቃም። በጆሮ ለሚያገለግል ቃል ፈታኙ ጆሮ ነው። ስለዚህ ቃላቱ በመዝገበ ቃላት ከመታተማቸው በፊት በመጋዘን ጫጫታ መካከል፣ ዕቃውን በሚለቅሙት ሰዎች ጆሮና አንደበት ይፈተኑ፤ የጋሞኛ አቻቸውም በዚያው ጊዜ ጎን ለጎን ይዘጋጅ።