ነጥቧን የማያሳይ ቅጂ

ስለ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976 እ.ኤ.አ.) ሲወራ ሁለት ነገር ይደጋገማል፦ ታላቅ ፊልም ነው፤ አዝጋሚ ፊልም ነው። በመጀመሪያው እስማማለሁ። አዝጋሚነቱ ግን በአብዛኛው ከፊልሙ ሳይሆን ካየንበት ቅጂ የመጣ ነው ብዬ እሟገታለሁ።

ሥራው በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሁለት ሳምንት ገደማ በፈጀ ቀረጻ፣ ትወና ሙያቸው ባልሆነ ሰዎች የተሠራ ነው። የኤሊየት ዴቪስ ካሜራ ደጋግሞ ከሩቅ ይቆማል። ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ ተሰይሞ ቁልቁል ይመለከታል፤ ጭሰኞቹ ከታች ማሳው ውስጥ ነጥብ ያህላሉ። ረጅሙ ሌንስ ርቀቱን ስለሚያጥፈው ሰውና በሬ፣ አፈርና ተረተር አንድ ገጽ ላይ ይነባበራሉ። ኃይሌ ምስሉን ቶሎ አይቆርጠውም። ተመልካቹ ያቺን ነጥብ ፈልጎ እስኪያገኛት፣ ካገኛትም በኋላ ጎንበስ ስትል፣ ቀና ስትል፣ እንደገና ጎንበስ ስትል እስኪከተላት ይጠብቀዋል። መጀመሪያ በባለርስቱ ዓይን እናያለን፤ ቆይተን እሱ ልብ የማይለውን ድካም ማየት እንጀምራለን። የፊልሙ ፖለቲካ ያለው ከንግግሮቹ ይልቅ በዚህ ጥበቃ ውስጥ ነው።

ይኸው ምስል ሲባዛ በኖረ ዲስክ ላይ ምን ይሆናል? የአሜሪካው ዲቪዲ 480 የምስል መስመር ብቻ ይይዛል። እመቃው ደግሞ የፊልሙን ቅንጣት ከደቃቁ ዝርዝር መለየት ያቅተውና ሁለቱንም ያደበዝዛል። ነጥቧ ትጠፋለች። ግራጫ ተረተር ይቀራል፤ ባዶ ተረተር ላይ አፍጥጦ መቆየት ደግሞ በእርግጥም ያሰለቻል።

ፊልሙ ጭራሹን አልተረሳም። በማርቲን ስኮርሴዚ ድጋፍ የታደሰው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2006 ካን ላይ ታይቷል። የኃይሌ ሌላው ፊልም «ሳንኮፋ» ግን በ4ኬ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቷል፤ በየቤቱም ገብቷል። ፌስቲቫል ላይ ታይቶ ቤት ያልደረሰ እድሳት ግማሽ ሥራ ነው። ይህን ፊልም ደግመው ደጋግመው ማየት የሚገባቸው ተማሪዎችና ቀራጮች ካን አይሄዱም።

የምመኘው ብሉ ሬይ 1080 መስመሩን በሙሉ ይጠቀም። ቅንጣቱን አጽድቶ የገበሬን ፊት ሰም አያስመስለው። የእንግሊዝኛው ትርጉም ሲፈለግ የሚጠፋ ይሁን፤ አማርኛ ሰሚው ማሳውን የሚሸፍን ፊደል አያስፈልገውም። ጎንደር ተወልዶ በአማርኛ የሠራው ዳይሬክተርም ፊልሙን በአማርኛ፣ ትዕይንት በትዕይንት ያብራራልን።

ከሁሉ በላይ ድምፁን አደራ እላለሁ። መሬቱን የተነጠቀውና እብድ የሚባለው ከበበ በፊልማችን ታሪክ ከማውቃቸው ገጸ ባሕርያት ሁሉ እጅግ የምወደው ነው። እሱ ሲጮህ ድምፁ እየተሰነጠቀ ነው የሚወጣው። ስንጥቁን እንደ ጉድለት ቆጥሮ የሚያለሰልስ ባለሙያ ያንን ዲስክ ባይነካው እመርጣለሁ።