የአንኮበር ደጃፍ በሁለት የጉዞ መጻሕፍት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ከይፋት ቆላ ጋር ይገናኛል። ይህ ጎዳና ከመሠራቱ በፊት ከባሕር ወደ ሸዋ መናገሻ የሚያስገባው በር ከዚህ በስተደቡብ፣ በአንኮበር ግርጌ ነበር። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ቅፍለት ፋሬ ደርሶ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ላይ የታተሙ ሁለት መጻሕፍት ይህንኑ በር ይገልጻሉ፤ የሚገልጹት ግን አንድ አገር አይመስልም።

አንደኛው የኮርንዋሊስ ሐሪስ ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ ነው። ሐሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከብሪታንያ ሕንድ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከ መልእክተኛ ነበርና ይፋት ለእርሱ መወጣጫ ደረጃ ነው። ብዕሩ የሚፈታው ግብር ሲበላ፣ ሠራዊት ሲሰለፍ ነው። በኦሮሞ ላይ የተካሄደውን ዘመቻ ሲተርክ እልቂቱን ይኰንናል፤ ዳሩ ግን የተቃጠለውን መንደርና የፈረሰኛውን ግስጋሴ በአንድ ዓይነት ጌጠኛ ቃላት ስለሚያለብሳቸው አንባቢው ሳያዝን ይደነቃል። ላኪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓደንን በመድፍ መያዛቸውን ለሚያስታውስ ሰው ደግሞ ኵነኔው ጎደሎ ነው።

የመጽሐፉ ብርቱ ክፍል ሳይታሰብ የመጣው ነው። የይፋቱ ገዥ ወላስማ መሐመድ የጥንቶቹ የይፋት ሱልጣኖች ዘር ነው የሚባል ሰው ነበር። አባቶቹ ከደጋው ነገሥታት ጋር ሲዋጉ ኖረዋል፤ እርሱ የንጉሡ ደጅ ጠባቂ፣ በጎንቾ አምባ ለታሰሩት የንጉሡ ዘመዶችም የወህኒ አዛዥ ሆነ። ሸዋ ቆላውን የገዛበት ብልሃት እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል፦ ድል የተነሣውን ቤት ሳያፈርስ ቁልፍ አስያዘው። ሐሪስ ይህን በእጁ ይዞ ሳያስተውለው ያልፋል፤ የእስረኞቹን መፈታት የልዑኩ ክብር ማሳረጊያ ያደርገዋል።

ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 መጥቶ አልዩ አምባ ሰነበተ። ንዳድ ስለያዘው ብዙ አልተዘዋወረም፤ ለመጽሐፉ በጀው። ስለ ወንዞች መነሻና ስለ ሕዝቦች ዘር የሚደረድረው ግምት ያሰለቻል። ገበያው ውስጥ ሲገባ ግን የንጉሡ ሥልጣን በአሞሌ ጨው፣ በቀረጥ፣ ለሽያጭ በቀረቡ ባሮች ይታወቃል። ለንጉሡ የመጣውን ስጦታ ከቆላው ሽቅብ በጫንቃቸው ያወጡ የይፋት ገባሮች በሐሪስ ዘንድ ስም የላቸውም፤ ጆንስተን ቢያንስ አገልጋዩንና ጎረቤቶቹን ያናግራቸዋል።