አምስተኛው ነብር

ቬትናማውያን «ንጉ ሆ ቱዎንግ» የሚሏቸው አምስት ነብር የጦር አለቆች ጓን ዩ፣ ዣንግ ፌይ፣ ዣኦ ዩን፣ ማ ቻኦና ኋንግ ዦንግ ናቸው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቻይና በሦስት ስትከፈል የሹን መንግሥት ለመሠረተው ለሊዩ ቤይ ተዋጉ። የነብርነቱ ሹመት ግን ስለ ዘመኑ በተጻፈው ልብ ወለድ እንጂ በቤተ መንግሥት አልተሰጠም።

ሊዩ ቤይ እ.ኤ.አ. በ219 የሃንዦንግ ንጉሥ በተባለ ጊዜ ጓን ዩን የፊት፣ ዣንግ ፌይን የቀኝ፣ ማ ቻኦን የግራ፣ ኋንግ ዦንግን የኋላ ጦር አዛዥ አደረጋቸው። ፊታውራሪንና ቀኛዝማችን ለሚያውቅ አንባቢ አሰያየሙ እንግዳ አይሆንም። ዣኦ ዩን ከአራቱ ውስጥ የለም፤ ማዕረጉ ከእነርሱ ዝቅ ያለ ነበር። ከሞት በኋላ የሚሰጠውን የክብር ስም እንኳ አራቱ በ260 ሲያገኙ እሱ እስከ 261 ቆይቷል።

ታዲያ ማን አምስት አደረጋቸው? እኔ የምጠረጥረው የታሪክ ጸሐፊውን ቼን ሾውን ነው። የአምስቱን ገድል በአንድ ምዕራፍ ሰብስቦ ዣኦ ዩንን ከመጨረሻ አስቀመጠ። በነብር የመሰላቸው ግን ጓን ዩንና ዣንግ ፌይን ብቻ ነበር። በኋላ የመጡት ተራኪዎች የመጽሐፉን የምዕራፍ አከፋፈል ወደ ቤተ መንግሥት ማዕረግ የቀየሩት ይመስለኛል። ዛሬ በስፋት የሚነበበው የልብ ወለዱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን እትም ደግሞ ዣኦ ዩንን ወደ ሦስተኛ ከፍ አድርጎታል። በ208 በቻንግባን የጌታውን ሕፃን ልጅ ታቅፎ ከጠላት መካከል ያወጣው እሱ ነውና፣ ንጉሡ የነፈገውን አንባቢ ሰጠው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የጓን ዩ ቁጣ ነው። ከሽማግሌ ወታደር ጋር እኩል አልቆምም ብሎ የ219ኙን ሹመት እምቢ አለ፤ ሽማግሌው ኋንግ ዦንግ ነው። ይህ የልብ ወለድ ፈጠራ አይደለም፤ በቼን ሾውም ተጽፏል። የሊዩ ቤይ አማካሪ ዡጌ ሊያንግ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፦ ኋንግ ዦንግ በዲንግጁን ተራራ የሠራውን ጀብዱ ዣንግ ፌይና ማ ቻኦ በቅርብ አይተዋል፤ ጓን ዩ ግን ርቆ የጂንግን ግዛት ይጠብቃል። ጓን ዩን ያለዘበው ሹመቱን ይዞ የሄደው መልእክተኛ ፌይ ሺ ነው። ልብ ወለዱ ይህን ጠብ ወስዶ በአዲሱ የነብርነት ማዕረግ ላይ ተከለው፤ ጥበቡም እዚህ ላይ ነው። አንባቢ አምስቱን እንደ አንድ ክንድ ሲያስብ፣ ደራሲው ስማቸው በተጠራበት ቅጽበት ስንጥቁን ያሳየዋል። ብዙም ሳይቆይ ጓን ዩ ጂንግን አጥቶ ተገደለ። እንዲያውም አምስቱ በአንድ የጦር ሜዳ ጎን ለጎን ተሰልፈው አያውቁም፤ ማ ቻኦ በ214 ወደ ሊዩ ቤይ ሲገባ ጓን ዩ ጂንግ ነበር፣ ከዚያም አልተመለሰም።

ቬትናም ስያሜውን ለራሷ ሰዎችም አውላዋለች። በ1802 ጃ ሎንግ ተብሎ የነገሠውን ንጉየን አንን ያገለገሉት «የጃ ዲን አምስት ነብሮች» ይባላሉ፤ ከእነርሱ ዝነኛው በ1832 ያረፈው ሌ ቫን ዙየት ነው። እዚህ ጠቡ በነብሮቹ መካከል ሳይሆን ከዙፋኑ ጋር ነበር። የማደጎ ልጁ በ1833 ሲያምጽ፣ የጃ ሎንግ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሚን ማንግ ሟቹን ወነጀለ፤ መቃብሩንም አስፈረሰ። ክብሩ የተመለሰለት በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ነው። መቃብሩ የሚገኝባት የሆ ቺ ሚን ከተማ ነዋሪዎች ግን በቴት፣ በአዲስ ዓመት በዓላቸው፣ ዳግም ወደ ቆመው መቃብር ሲጎርፉ የትኛውንም የነገሥታት ዐዋጅ አያነሡም።