ጋሻን የምታልፈው ሾተል

ለዘመድ ጉዳይ ነቀምት ሰንብቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ እህቴ፣ «እባክህ ያንን ልጅ ፈልገህ አምጣልኝ፤ ምሳው ቀዘቀዘ» ብላ ላከችኝ። ልጁ የት እንደሚገኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። በሁለቱ ላይ ኳስ ነው። በጥጉ በኩል ባለው ላይ ግን ብረት የለበሰ አንድ ምስኪን ጦረኛ ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ሰይፍ እየጎተተ ከአጋንንት ጋር ይተናነቃል።

ጆይስቲኩን የያዘው የእህቴ ልጅ ነው። ከጎኑ ያለው ጓደኛው ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለ ይሞግተዋል።

«ውሸት ነው! ይሄን የሚያህል ሰይፍ ማን ያነሳል?»

«ጌም ነዋ! ደግሞ እየው፣ ሲሰነዝረው ይዘገያል። ባላንስ ይባላል።»

«ባላንስ ምናምን አትበለኝ፤ ውሸት ውሸት ነው።»

ከዚያ ጓደኛው ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ አስተማሪ ነበሩ አሉ፤ እስቲ ይፍረዱን።»

ምሳውን ረሳሁት።

በመጀመሪያ ነገር ከሳሹ እውነት አለው። በጥንት አውሮፓ በአንድ እጅ የሚያዝ የጦር ሜዳ ሰይፍ ክብደቱ ከአንድ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ግድም ነበር። በሁለት እጅ የሚያዘው ትልቁ እንኳ ሁለትና ሦስት ኪሎ ነው። ከራስ እስከ እግር የሚለበሰው ብረትም ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ኪሎ ቢመዝንም ክብደቱ በመላው ሰውነት ላይ ስለሚከፋፈል የለበሰው ሰው ይሮጣል፣ ፈረስ ላይ ይወጣል። እንግዲህ በቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ነገር የአንጥረኛ ሳይሆን የሠዓሊ ሥራ ነው።

ተከሳሹም ግን እውነት አለው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና፣ «ይሄ እኮ በእውኑ ዓለም አይሆንም» ይለኝ ነበር። መልሴን የምበደረው ከአርስቶትል ነው። ለድርሰት፣ ሊሆን የሚችል ሆኖ ከማይታመን ነገር ይልቅ ሊሆን የማይችል ሆኖ የሚታመነው ይሻላል ይላል ሽማግሌው። ጨዋታም ድርሰት ነው። ያ ግዙፍ ሰይፍ የሚታመነው ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው፤ የያዘው ሰው ይዘገያል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በዚያ መሐል ይመታል። ኃይል ያለ ዋጋ የሚገኝበት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ያንኑ አንድ ሰይፍ ይዞ ጨዋታው በሳምንቱ ይሞት ነበር።

ይህን እያብራራሁ ሳለ የእህቴ ልጅ መሣሪያ ለወጠ። በጦረኛው እጅ የታየችው ማጭድ የመሰለች ቆልማማ ጎራዴ ናት። «ጋሼ፣ ይህቺ ሾተል ትባላለች፤ ጋሻን ታልፋለች» አለኝ፣ እኔን ሊያስተምር። የአባቶቹን መሣሪያ ከጃፓኖች ተምሮ ለእኔ ሲነግረኝ ልስቅ ወይስ ልናደድ ግራ ገባኝ። ጨዋታው ዳርክ ሶልስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው። እነዚያው ሠሪዎች በ2022 ባወጡት ኤልደን ሪንግም ሾተል አለች።

ጃፓኖቹ ከራሳቸው አላመጡትም። ሾተል የቆለመመችው የባላጋራን ጋሻ ዞራ ከኋላው ያለውን ሰው እንድታገኝ ነው ይባላል። ጋሻው ደግሞ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራው ጦርና ጎራዴ ስለነበረ ነው። ጦር ጋሻን ወለደ፤ ጋሻ ሾተልን አቆለመማት። ሾተሊቱም በበኩሏ ዋጋ ትጠይቃለች፤ ከሰገባዋ ለመምዘዝ ታስቸግራለች፣ እንደ ቀጥተኛ ጎራዴ ለመውጋት አትመችም። ስለዚህ እነዚህ ልጆች «እውነታ» እና «ባላንስ» እያሉ በሁለት ጎራ የከፈሉት ነገር በአንጥረኛው ቤት አንድ ነበር። በዓለም ላይ ያለ ድክመት የተሠራ መሣሪያ የለም።

በዚህ መለኪያ ዳርክ ሶልስን አመሰግነዋለሁ። የምወቅሰው ሌላውን ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ የተባለው የጦር ስልት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ነበር፤ ልዩ ወታደራቸውም ባለ ሾተሉ ነው። እንደተነገረኝ ሳይሆን አይቼው እንደፈረድኩት፣ ይህ ወታደር በኃይል ይመታል፣ በፍጥነት ይመለመላል፣ በፍጥነትም ይሞታል። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ ጥንካሬው በድክመቱ ተቀንሷል። ሠሪዎቹም በክፋት አደረጉት አልልም። ነገር ግን እዚህ ላይ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? መሣሪያው አይደለም፣ አዛዡም አይደለም፤ ቶሎ ስለሚተካ ቶሎ ቢሞት የማይቆጭ ሰው ነው። የሰይፍ ክብደት ቢዋሹ አይከፋኝም። የሰው ዋጋ ሲረክስ ግን ሚዛኑ ራሱ ያጭበረብራል።

«ታዲያ በእውነተኛው ጦርነት ባላንስ አለ?» አለ ያ ከሳሹ ልጅ።

የለም፣ ልጄ። ጣሊያን በ1925 እ.ኤ.አ. የመርዝ ጋዝን በሚከለክለው የጄኔቫ ስምምነት ላይ ፈርማ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን በወረረችን ጊዜ ያንኑ መርዝ ከአውሮፕላን በሕዝባችን ላይ አፈሰሰችው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ቢሠራ ማንም ገንዘቡን ከፍሎ አይጫወተውም።

ከዚያም ከነቀምት ብዙ ስለማይርቀው ስለ ቦነያ ነገርኳቸው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ወለጋን ለመያዝ መንገድ ሊጠርጉ እዚያ አረፉ። በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ይመራ የነበረው፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች የነበሩበት የጥቁር አንበሳ ጦር በሌሊት ደረሰባቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ። የአየር ኃይል ጄኔራሉ ማሊዮኮ፣ ስመ ጥሩው አብራሪ ሎካቴሊና ሌሎችም ተገደሉ። በሰማይ ላይ የሚገጥመው ያልነበረ አውሮፕላንም ለካ ድክመት ነበረው፤ መሬት ላይ ያድራል!

ልጆቹ ደስ አላቸው። እኔ ግን አንድ ነገር ጨመርኩ። በጨዋታችሁ የሞተው ጦረኛ እሳት ዳር ይነሣና እንደገና ይጀምራል። በዚያ ሌሊት የወደቀ ግን፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ አልተነሣም። ያንን ድክመት ለወጣቶቹ ብሎ ያስቀመጠላቸው ሠሪ አልነበረም፤ ሕይወታቸውን አስይዘው ፈልገው ያገኙት ነው።

ዝም አሉ። የተናገርኩት የገባቸው መስሎኝ ኮራሁ፤ የአስተማሪ ነገር! ቆይቶ ያ «ውሸት ነው» ሲል የነበረው ልጅ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል እንዲህ አለኝ፦

«እውነተኛውንማ እናውቀዋለን፣ ጋሼ። ተኩስ ሲሰማ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ መንገድ ይዘጋል። እዚህ የምንመጣው እኮ እኩል ስለሚያጫውት ነው።»

ምን ልመልስለት? በእነዚህ ዓመታት በወለጋ ከተሞች የተኩስ ድምፅ ሳይሰማ ያደገ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። የሰይፉን ክብደት እየመዘነ «ውሸት ነው» ሲል የነበረው፣ የእውነተኛውን መሣሪያ ዋጋ ከእኔ በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር። ሃያ ዓመት ስለ እውነታዊነት ሳስተምር፣ ሰው ወደ ልብ ወለድ የሚሄደው እውነታን ስለማያውቅ ሳይሆን እውነታው የነፈገውን ፍትሕ ፍለጋ ሊሆን እንደሚችል እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ ተማሪ አልነበረም።

ስለዚህ ፍርዴን ለባላንስ ሰጠሁ። የሁለቱንም የሰዓት ሒሳብ ከፍዬ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። ምሳው በርግጥ ቀዝቅዞ ነበር፤ እህቴም ሦስታችንን እኩል ተቆጣችን።